አኩራፊው ከጠየቀ ፍቀድ

የዓመቱ የፊዚክስ ፈተና ሊሰጥ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው አርባውም ጥያቄዎች ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተገኙ። ያገኘቻቸው የጽዳት ሠራተኛ ናት። ልጇ የዚያ ዓመት ተፈታኝ ስለነበረች ትለማመድበት ይሆናል ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ ወሰደችላት፤ ልጅቷ ግን የመጀመሪያውን ገጽ እንኳን ሳትጨርስ ደንግጣ ለርዕሰ መምህሯ አስረከበች። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት በቀን ሁለት መቶ ሰው እንደሚያስተናግድና የማንንም ወረቀት አንብቦ እንደማያውቅ ተናገረ። ከእሱ ወዲያ የተጠየቀ ሁሉ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ቀሰረ።

ጉዳዩ ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። አለቃዋ ማህደሩን ሲሰጣት የጨመረላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፈተና ቦርዱ ሰኞ ከሰዓት ይሰበሰባል፣ እስከዚያ ሌላ ሰው ካልተገኘ ተጠያቂዋ ጥያቄዎቹን ያወጣችው መምህርት ናት። ከሥራ መባረር ብቻ ሳይሆን ክስም ይከተላል።

ኢንስፔክተሯ በሃያ ዓመት አገልግሎቷ የተሰበረ መስኮት መርምራለች፣ የተፈለቀቀ ቁልፍ መርምራለች። ሌባ በሽቦ ውስጥ ሲገባ ግን አይታ አታውቅም። እሷ ራሷ ስልኳ ላይ የሚመጣውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ሳታነብ «እሺ» እያለች የምታሳልፍ ሴት ናት። የኮምፒውተር ወንጀል ክፍሉ ሥራ በዝቶበት ስለነበር አንድ ባለሙያ በትውስት ሰጣት። ረጅምና ቀጭን በመሆኑ ጣቢያው በሙሉ ኬብል ይለዋል። ጉንፋን ይዞት ነበርና ምርመራው እስኪያልቅ ሲያስነጥስ ከረመ።

መምህርቷ የምትኖረው ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። አብረዋት ያሉት የባሏ አባትና ኮሌጅ የምትማረው ልጇ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ አስተምራለች፤ ስትናገርም ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመች ይመስል እጇን ከጎኗ አታነሳም።

«ጥያቄ አሥራ ሰባትን ይመልከቱት» አለች ኢንስፔክተሯን። «ከፎቅ የተወረወረው ድንጋይ በመጀመሪያው መስመር ሁለት ኪሎ ነው፣ በአራተኛው መስመር ሦስት ኪሎ። ባለፈው ሳምንት ሰኞ አመሻሽ ላይ ጨርሼ ስነሳ የሠራሁት ስህተት ነው። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ አየሁትና አረምኩት። የተሰረቀው ወረቀት ላይ ግን ስህተቱ አለ። እንግዲህ የወሰደው ሰው የወሰደው በሰኞ አመሻሽና በረቡዕ ቀትር መካከል ነው።»

የተሰረቀበትን ሰዓት እንዲህ አስልቶ የሚያቀርብ ባለንብረት ኢንስፔክተሯን ገጥሟት አያውቅም። ደስ ሊላት ሲገባ ፈራች፤ ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ከቀለለ ሲያልቅ መክበዱ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ያለው ምርመራ በሮቹን አንድ በአንድ ዘጋ። ፈተናው በወረቀት አልታተመም። በፍላሽ አልተገለበጠም። በኢሜይል አልተላከም። መምህርቷ ቤት ካለው የሥራ ክፍሏ ኮምፒውተር ወጥቶ አያውቅም። ደንቡ ፈተና በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ብቻ እንዲጻፍ ያዝዛል፤ የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ደግሞ ከተበላሸ ወር አልፎታል። መምህርቷ ይጠገንልኝ ብላ የጻፈቻቸውን ሦስት ደብዳቤዎች ቅጂ አውጥታ አሳየቻት። መልስ የመጣለት የለም።

«ልጄ ከሁለት ዓመት በፊት ፋየርዎል የሚሉትን ጭናልኛለች» አለች። «ዘበኛ አለን ብዬ ነበር እንግዲህ።»

ኬብል ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ አጎነበሰበት። ሲጨርስ ነገሩን በሰው አማርኛ እንዲነግራት ጠየቀችው።

«የግቢ ዘበኛ ነው በቃ» አላት። «የሚያውቀውን ያሳልፋል፣ የማያውቀውን ይመልሳል። ያጠራጠረው ሲመጣ ‹ፍቀድ› ወይም ‹ከልክል› በሉኝ ብሎ የቤቱን ሰው ይጠይቃል። የጠየቀውንም የተመለሰለትንም ይመዘግባል።»

«ታዲያ ሌባውን መዝግቦታላ።»

«መዝግቦታል። ችግሩ ሌላውንም ሁሉ መዝግቧል» አለና አንድ ጥቅል ወረቀት ዘረጋላት።

ከሰኞ አመሻሽ እስከ ረቡዕ ቀትር አርባ አንድ ማስጠንቀቂያ ነበር። አርባው «ተከልክሏል» ይላል፤ ያልታወቀ ስልክ፣ ያልታወቀ ስልክ፣ ያልታወቀ ኮምፒውተር፣ እንደገና ያልታወቀ ስልክ። ኮምፒውተሩ በቀን ሃያ ጊዜ ጢው እያለ ስላስቸገራቸው ልጅቷ ድምፁን ዘግታዋለች። ለአላፊ አግዳሚው የሚጮህ ውሻ መጨረሻው ይኸው ነው፤ ሌባ ሲመጣም «ዝም በል» ይባላል።

አርባ አንደኛው ግን ለየት ይላል። ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ከአርባ ላይ «አኩራፊው» የተባለ መሣሪያ ፈተናው የተቀመጠበትን የጋራ ማህደር ልክፈት ብሎ ጠይቋል። መልሱ «ፍቀድ» ነው።

ኢንስፔክተሯ ስሙን ሁለት ጊዜ ከበበችው። የመንደር ዱርዬ ሁሉ ቅጽል ስም አለው፤ የሽቦ ዱርዬም ቢኖረው አይገርምም። ሐሙስን ከሰዓት በሙሉ የድሮ መዝገቦችን ስታገላብጥ፣ የታሰሩትንም የተፈቱትንም ስታስጠይቅ ዋለች። «ጉልቤው» አለ፣ «ሹሩባው» አለ፣ «ሰባራው» የሚባሉ ሦስት ነበሩ። አኩራፊው የሚባል ሌባ ግን የለም።

ዓርብ ጠዋት ተመልሳ ሄዳ ስሙን ስትጠራ የመምህርቷ ልጅ በሳቅ ፈረሰች። ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ቤት የተሳቀው የዚያን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ፕሪንተራችን እኮ ነው! እኔ ነኝ ያወጣሁለት። ግማሽ ገጽ አትሞ ቀጥ ይላል፣ ካኮረፈ ደግሞ ሽማግሌ ካልተላከበት አይታረቅም።»

ፕሪንተሩ ከሥራ ክፍሉ በር ጀርባ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ወረቀት ስካን በተደረገበት ቁጥር ምስሉን ለማስቀመጥ የኮምፒውተሩን የጋራ ማህደር ይከፍታል፤ በከፈተ ቁጥርም ዘበኛው ይጠይቃል። ለዚህም ብላ መምህርቷ በኮምፒውተሩ ግንባር ላይ ጥርት ባለ የመምህር ጽሑፍ አንድ ብጣሽ ወረቀት ለጥፋለች። «አኩራፊው ከጠየቀ ፍቀድ። ሌላውን ከልክል።»

ኢንስፔክተሯ ከእስክሪብቶዋ ጫፍ ላይ አንድ ቀን እንደተነነ ተሰማት። አኩራፊውን ሰረዘችው፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰረዘችው።

ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጡት ሽማግሌው ናቸው። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ሲሆኑ ከቁርስ በኋላ እስከ ምሳ ከኮምፒውተሩ ጋር ቼዝ ይጫወታሉ፤ ይሸነፋሉ፤ ነገ አይቀርልህም ብለውት ይነሳሉ። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ በእነዚያ ቀናት እርስዎ ተቀምጠው ሳለ እንግዳ ነገር ጠይቆዎት ነበር? ማለት፣ የማያውቁት ሰው ልግባ ያለ?»

«ብዙ ይጠይቃል። የማላውቀውን ‹ከልክል› ነው የምለው። አርባ ዓመት ደብዳቤ ሳድል አንድ ፖስታ ከፍቼ አይቼ አላውቅም፣ ላልተጻፈለትም ሰጥቼ አላውቅም» አሉ፤ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል። «እንግዳ አላስገባሁም፣ ልጄ።»

አመነቻቸው። ደግሞም አልዋሹም።

ያልታወቁት ስልኮች ጉዳይ ደረጃውን እንደወረደች ተፈታላት። መምህርቷ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ለልብስ ሰፊው ሰጥታዋለች፤ ጎረቤት አይከለከልም። ልብስ ሰፊው ደግሞ ደንበኞቹ ሲጠብቁ እንዳይሰለቻቸው ብሎ በትልልቅ ፊደል መስተዋቱ ላይ ለጥፎታል። ሱሪ የለካ ሁሉ የመምህርቷን ኢንተርኔት ተጠቅሟል ማለት ነው። ኢንስፔክተሯ ከመስተዋቱ ፊት ቆማ የራሷን የደከመ ፊትና የይለፍ ቃሉን አንድ ላይ አየቻቸው።

«ይሄ ቃል ለስንት ሰው ተሰጥቷል?» አለችው።

«አልቆጠርኩማ እህቴ። ውኃ ጠማኝ ያለን ሰው ስምህን ንገረኝ ይባላል እንዴ?»

ልብስ ሰፊው ወሬ የሚወድ፣ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ጨርቅ የሆነ ሰው ነው። ስለ ደንበኞቹ ስትጠይቀው ስለ ጫፍ፣ ስለ ገበር፣ ስለ ዚፕ ነገራት። አንዱን ሱሪ ሦስት ጊዜ ስላመላለሰው ደንበኛ አማረረ፤ አሳጥርልኝ ብሎ ያሳጥርለታል፣ በማግስቱ አጠረብኝ ብሎ ያስፈታዋል፣ ከዚያ ደግሞ ረዘመ ይላል። እግር በአራት ቀን ያድጋል ወይ ብሎ ጠየቃት። አላውቅም አለችውና ወጣች።

የእንግዶቹ ስልክ ሁሉ ኢንተርኔት ተጠቀመ እንጂ ኮምፒውተሩ ደጃፍ ላይ ተከልክሎ ተመልሷል። ኬብል ሦስት ጊዜ አረጋገጠላት። እንግዲህ ከውጭ የገባ የለም።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ሄዳ የፊዚክስ ክፍሉን ምክትል አነጋገረች። በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። መምህርቷ በልጅነቱ እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራዋለች። ማክሰኞ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ የት እንደነበረ ስትጠይቀው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የትምህርት ሰሌዳ አሳያት፤ አሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል ውስጥ ነው።

«አስተማሪዬ ናቸው» አላት። «ቤታቸው ስሄድ እንኳን ከሳሎን አልፌ አላውቅም፤ እስከ ዛሬ እፈራቸዋለሁ። እሳቸው ይህን አያደርጉም።» ከዚያም ኮፍያውን በእጁ አዞረ። ልትነሳ ስትል፣ ከልጃቸው ጋር ግን ሰሞኑን እንደማይስማሙ፣ ልጅቷም ኮምፒውተር እንደምትማር፣ ይህን ባይናገር ይሻለው እንደነበረ ነገራት።

አለቃዋ ይህንን ሲሰማ ማህደሩን ዘጋ። ዘበኛው ከውጭ ማንንም ካላስገባ ሌባው ከውስጥ ነው፤ ከውስጥ ያሉት ደግሞ እናት፣ አያትና ልጅ ናቸው። «ሽማግሌው ቼዝ እንኳን አይችሉም» አላት። «እናትየው የገዛ ቤቷን አታቃጥልም። ምን ቀረሽ?»

የቀራት ነገር ቅዳሜ ጠዋት ከኮሌጁ መጣ። ልጅቷ ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ነበርኩ ብላ ፈርማለች። የመገኘት መዝገቡ ግን ሁለት ወር ሙሉ ክፍል ገብታ እንደማታውቅ ይናገራል።

ኢንስፔክተሯ ከአውቶቡስ ፌርማታ ጀምራ ተከተለቻት። ልጅቷ ደብተሯን እንዳቀፈች የኮሌጁን በር አለፈችው፤ ሁለት መንገድ ተሻገረች፤ አንድ ዳቦ ቤት በኋላ በር ገባች። ኢንስፔክተሯ በፊት በር ገብታ ስትቆም ልጅቷ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ፣ እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሳ ወጣች። ሲተያዩ የያዘችው የዳቦ ሳጥን ዘንበል አለ።

ባለቤቱ ማክሰኞም፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን ማክሰኞዎች ሁሉም፣ ከንጋት እስከ ቀትር እቶኑ አጠገብ እንደነበረች መሰከረ።

«ለእማዬ አትንገሪብኝ» አለች ልጅቷ። «ፈተናው እስኪያልቅ ብዬ ነው። እሷ መሐንዲስ ሆኜ ነው የምታስበኝ። እኔ ይሄንን ነው የምወደው።»

«አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ዱቄት ብለሽ እስር ቤት ልትገቢ ነበር እኮ» አለቻት ኢንስፔክተሯ። ተናዳባት ነበር፤ አንድ ቀን አባክናባታለች። ልጅቷ ግን ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ እጇ ላይ አስቀመጠችላት፤ ቁጣውም ከዳቦው ጋር አብሮ ሞቀና ላላ። እየበላች ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቀቻት። ልጅቷ እዚያ ስትማር ጊዜው ሁሉ በሚከፈልበት የማጠናከሪያ ትምህርት እንደሚያልፍ ነገረቻት፤ በተለይ ምክትሉ ጋ ቦታ አይገኝም። ተማሪው «ነቢዩ» ነው የሚለው። ፈተና ላይ የሚመጣውን ጥያቄ አስቀድሞ ይገምታል፤ አይስትም ነበር። አምና ግን ከአርባው ሁለት ብቻ ስለመታ ዘንድሮ ተማሪው ግማሽ በግማሽ ቀርቶበታል።

ኢንስፔክተሯ ይህንን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ወዴት እንደምታስገባው ግን አላወቀችም። ምክትሉ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ዘበኛው ማንንም አላስገባም። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላሉ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስትወቅጥ የነበረው ይህንኑ ነው።

እሑድ ጠዋት ወደ መምህርቷ ቤት የሄደችው ለመሰናበት ያህል ነበር። የመጨረሻውን ቃሏን ተቀብላ አስፈርማ ለሰኞ ማቅረብ አለባት። መምህርቷ ራሷ ጻፈችው፤ ሦስት ገጽ ሆነ፤ ነጥብና ሰረዙ አንድ አልጎደለም። እንዲታተም ላከችው። ፕሪንተሩ አንድ ገጽ ተኩል አትሞ ቀጥ አለ።

«አኮረፈ» አለች ልጅቷ ከበሩ። «ከሐኪም ቤት በመጣ በሳምንቱ!»

«ከየት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ከጥገና። ይኸው እኮ።» ልጅቷ የተቀረቀረውን ወረቀት ለማውጣት ፕሪንተሩን ወደ ጎን አዞረችው። ከጎኑ የጥገና ቤቱ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ነበር። የገባበት ቀን ሰኞ፤ የወጣበት ቀን ዓርብ፤ ፈተናው የተሰረቀበት ሳምንት ሰኞ፣ የዚያው ሳምንት ዓርብ።

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ወደ ኋላ ገለጠች። የተቀደደው ስርዝ ሥር ቃሉ አሁንም ይነበባል። አኩራፊው፣ ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ከአርባ።

ፕሪንተሩ ማክሰኞ ጠዋት በከተማው ሌላ ጫፍ ላይ፣ አንጀቱ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ታዲያ ማክሰኞ ጠዋት በስሙ ልግባ ያለው ማን ነው?

ኬብልን ከአልጋው አስነሳችው። እያስነጠሰ መጣ፤ ፕሪንተሩን ገልብጦ ከሆዱ ላይ ያለውን ቁጥር አነበበ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለው የዋይፋይ ሳጥን ያስቀመጠውን መዝገብ ከፈተ።

«ስም ምንም አይደለም» አለ። «እኔም ኮምፒውተሬን ‹ጳጳሱ› ብዬ ልሰይመው እችላለሁ። ይሄ ቁጥር ግን እንደ መኪና ሻንሲ ቁጥር ነው፤ ከፋብሪካው አብሮት የሚመጣ። እዩት አለቃ። ማክሰኞ የጠየቀው አኩራፊው ቁጥሩ ሌላ ነው። ሁለት አኩራፊ አለ።»

«ይሄን ዓርብ አትነግረኝም ነበር?»

«ዓርብማ ፕሪንተር ነው ብላችሁ ሰርዛችሁታል።»

እውነቱን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህኛው ውሻ አይሠራም፤ እሱስ ጅቡ ደጅ እንደቆመ በሰዓቱ ጮኾ ነበር። ተነሥቶ ያየ ሰው ነው የጠፋው።

መዝገቡን ወደፊትም ወደኋላም ሲገልጡት ሁለተኛው አኩራፊ ሦስት ጊዜ መጥቷል። ሰኞ ጠዋት ተፈቅዶለታል፤ ያን ጊዜ ፈተናው ገና አላለቀም። ማክሰኞ ተፈቅዶለታል። የዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠይቆ መልስ የሰጠው የለም፤ የታረመውን ጥያቄ አሥራ ሰባት ያላገኘውም ለዚህ ነው። ሐሙስ ሽማግሌው ዓይን ሐኪም ቤት ነበሩ።

ሁሉም ሳይነጋገሩ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

ሽማግሌው ቼዙን ትተው ተነሥተዋል። ወረቀቷን፣ ግንባሩ ላይ የተለጠፈችውን ብጣሽ ያዩ ነበር።

«ስሙ ተጽፏል» አሉ ቀስ ብለው። «አኩራፊው ከጠየቀ ፍቀድ ይላል። ለጥገና መሄዱንማ አውቃለሁ። ጠጋኙ ከዚያው ሆኖ እየሞከረው መስሎኝ ነው። ፖስታ ላይ ስም ካለ፣ አድራሻ ካለ፣ ባለቤቱ ቤት የለም ተብሎ ደብዳቤ አይመለስም። በበሩ ሥር አሾልኬ እሄድ ነበር። አርባ ዓመት እንደዚያ ነው የሠራሁት።»

ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ።

«የልጄን ቤት በገዛ እጄ ከፈትኩት።»

መምህርቷ ሄዳ ከአጠገባቸው ተንበረከከች። ሃያ ስድስት ዓመት ከጎኗ ያልተነሳው እጇ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ያዘ። «ወረቀቷን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች። «እኔ የጻፍኩትን ነው የፈጸሙት።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ጊዜ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከዚያ የቀራትን አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ወረቀቷ የምትታየው እዚህ ክፍል ውስጥ ለገባ ሰው ብቻ ነው። ፕሪንተሩን ከዚህ ክፍል አንሥቶ የወሰደው ማን ነው?

መምህርቷ ሳትነሳ መለሰች። «ምክትሌ ነው። ቅዳሜ ዕለት መጥቶ፣ እርስዎ ከሚቸገሩ በመኪናዬ ላድርስልዎት አለኝ። ከዚያው ካለበት አንሥቶ ወሰደው።»

ከሳሎን አልፎ የማያውቀው ምክትል ነው።

ልብስ ሰፊው እሑድ ስለሆነ ተዘግቶ ነበር፤ ከቤቱ አስጠራችው። ስለ ይለፍ ቃል ሳይሆን ስለ ሱሪ ልትጠይቀው እንደመጣች ስትነግረው ፊቱ በራ። የልኬት ደብተሩን አወጣ። ጥቁር ሱሪ፣ ሰኞ፣ ሁለት ጣት ይጠር። ማክሰኞ፣ ይፈታ። ሐሙስ፣ አንድ ጣት ይጠር። ደንበኛው በየቀኑ ከደረጃው ሥር ባለችው ወንበር፣ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሱሪው እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር። ማን እንደሆነ ልብስ ሰፊው ያውቃል፤ የላይኛዋ መምህርት ባልደረባ ነው፤ ጨዋ ሰው ነው፤ እግሩ ብቻ ነው ችግሩ።

የአሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል አለቃ ደግሞ በስልክ ስትጠየቅ፣ ማክሰኞ መምህሩ ሃያ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፎላቸው፣ ዝም ብላችሁ ሥሩ ብሎ እንደወጣ አስታወሰች። ሲመለስ ደወል ተደውሎ ነበር።

ሰኞ ጠዋት፣ ቦርዱ ሊሰበሰብ አምስት ሰዓት ሲቀረው፣ ኢንስፔክተሯ የብርበራ ፈቃዱን ይዛ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገባች። ኬብል የምክትሉን ኮምፒውተር ተቀብሎ ከፈተ። ስሙ ተቀይሯል፤ አኩራፊው የሚል ነገር የለበትም። ኬብል ግን ስሙን አላየም። ቁጥሩን አነበበ፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያየ፣ አስነጠሰ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ምክትሉ ስለ ሱሪው ተጠየቀ። ከሳሎን ስላላለፈባት ቤት ተጠየቀ። ማክሰኞ ስለተወው ክፍል ተጠየቀ። አልጮኸም፣ አልካደም። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እሳቸው የሚያወጡትን ሦስት ዓመት በትክክል ገምቻለሁ» አለ። «ያለ ማንም እርዳታ። አስተሳሰባቸውን አውቀዋለሁ፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከአምና ጀምሮ አልታይ አለኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት አንዱን ቅጂ ማሽኑ አጨማዶብኝ ነው የጣልኩት፤ እሱ ነው የተገኘው።»

«በአስተማሪዎ ሊፈረድባቸው ነበር።»

«እንድትጠየቅ ያሰብኩት ልጃቸውን ነበር» አለ ምክትሉ፤ ይህ ነገሩን የሚያቀልለት መስሎት።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። ይሄኛው ባለቤቷን እንደማይንቅ ሲናገር ነበር የከረመው።

ቦርዱ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ መምህርቷን ነፃ አወጣ፤ በዚያው ገጽ ላይ ደግሞ ፈተና ቤት ወስዳ በመጻፏ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት። ስለ ሦስቱ ደብዳቤዎች አንድም ቃል አልነበረም። ኢንስፔክተሯ ይህን ስታነብ ወረቀቱን ልትቀደው ቃጣት። መምህርቷ ግን አጣጥፋ ከሦስቱ ቅጂዎች ጋር በአንድ ክሊፕ አያያዘችው። ፈተናውን ሌሎች እንደገና ያወጡታል። ስለ ዳቦ ቤቱ ልጅቷ ራሷ ለእናቷ ነገረቻት፤ የተባባሉትን ኢንስፔክተሯ አልሰማችም፤ በማግስቱ ግን መምህርቷ ዳቦ ይዛ ክፍል ገብታለች አሉ።

ማክሰኞ ኬብል ቤቱን አስተካከለላቸው። የይለፍ ቃሉን ቀየረ። ለልብስ ሰፊው እንግዶች ለብቻቸው መሥመር አወጣላቸው፤ ሱሪ እየጠበቁ ዜና ያነባሉ እንጂ የመምህርቷን ኮምፒውተር ደጃፍ አያዩትም። የፕሪንተሩን ማህደር ከሌላው ማህደር ለየ። ልጅቷ የዘጋችውን ድምፅ ከፈተ። ብጣሿን ወረቀት ሊቀድዳት ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት፤ ራሳቸው ላጧት፣ አራት ላይ አጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከእንግዲህ እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም አሉ።

መምህርቷ እሺ አላለቻቸውም። እሷ ትምህርት ቤት፣ ልጅቷ ዳቦ ቤት ናት፤ ቤት የሚውለው ሰው እሳቸው ናቸውና ዘበኛው የሚያናግረው ሰው ያስፈልገዋል አለቻቸው። ጥያቄ ከመጣ ደውለው ይጠይቁ። እሷ ክፍል ስለምትሆን ስልክ አታነሣም፤ ስለዚህ ለኢንስፔክተሯ።

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተሯ አዲስ ማህደር ይዛ፣ አለቃዋ ፊት ቆማ ሳለ ስልኳ ጠራ። የዚያን ቀን አራተኛው ነበር። ጥርሷን ነክሳ አነሣችው።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «አኩራፊው ጠይቋል።»

«አባባ፣ እሱማ ፕሪንተሩ ነው፣ አሁን እኮ…»

«ቆይ አስጨርሺኝ። ስሙን አላመንኩትም። ተነሥቼ ሄድኩ፣ ከበሩ ጀርባ ቦታው ላይ አለ። እጄን ጫንኩበት፤ ይሞቃል። ቁጥሩንም በማጉያ አነበብኩት፤ ልንገርሽ?»

አለቃዋ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳል። ኢንስፔክተሯ ወንበር ሳበች፣ እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ይንገሩኝ» አለች፤ እሳቸውም ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ምንም ሳይዘሉ ነገሯት።